የይርገዱ ካምቢዮ ለምን አልሞተም?

መካነ ሰላም ውስጥ አውቶማቲክ መኪና ከሁለት ክረምት በላይ አይኖርም። ይህን የወሰነው የሻለም ሻይ ቤት በረንዳ ላይ በየጠዋቱ የሚሰየመው ጉባኤ ነው። ጉባኤው ተሳስቶ አያውቅም፤ ተሳስቶ ቢሆን እንኳ እስካሁን ያረመው ሰው የለም። ማስረጃውም በዓይን ይታያል። አንድ ከኩዌት የተመለሰ ጎልማሳ ያመጣት ሰማያዊ መኪና ካምቢዮዋ ተቃጥሎ ዛሬ ከመናኸሪያው ጀርባ የዶሮ ቤት ሆናለች፤ ዶሮዎቹ በመኪና ወንበር ላይ ማደር ከጀመሩ ወዲህ ከሰፈሩ ዶሮ ጋር ሰላምታ አቁመዋል። ሁለተኛዋ ጎማዋ ወልቆ በአራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሞባይል ካርድ ይሸጥባታል። ሦስተኛዋን ባለቤቷ በሸራ ሸፍኗት፣ በየዓመት በዓሉ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ያያትና ራሱን ነቅንቆ መልሶ ይሸፍናታል።

«አውቶማቲክ የአስፋልት ከብት ነው» ይላል ካሳ። ካሳ ሃያ ስድስት ዓመት አይሱዙ የነዳ ሰው ነው፤ በአንድ ጉዞ የሚቀይረው ማርሽ በዓመት ከሚስቱ ጋር ከሚለዋወጠው ቃል ይበልጣል። «ለጥ ያለ መንገድ ስጠው፣ ይሄድልሃል። እዚህ ሲመጣ ግን ደጋ እንደወጣ የቆላ በሬ ነው። ያስለዋል፣ ይከሳል፣ ከዚያ ነገሩ ያልቃል።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ችግሩ ይርገዱ ናት።

የይርገዱ ነጭ መኪና አውቶማቲክ ናት፤ ሰባተኛ ክረምቷንም ጨርሳለች። ከመካነ ሰላም አቀስታ፣ ከአቀስታ መካነ ሰላም ሰው ስታመላልስ፣ ያንን ሁሉ ኮረኮንችና ጭቃ ስትጠጣ ካምቢዮዋ አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰውም። ከተማው ለዚህ ምክንያት አላጣም። ሙስሊሙ «ጠበል ጠብ ታደርግበታለች» ይላል፤ ክርስቲያኑ «የለም፣ ዘምዘም ነው» ይላል። ወሎ ነውና አንዱ የሌላውን መድኃኒት ያምናል። ጡረታ የወጡት የሂሳብ አስተማሪ ጋሽ ቢያድግልኝ ደግሞ ለሁለት ሳምንት አስበውበት፣ «ካምቢዮው ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሄደው መሞቱን ማንም ስላልነገረው ነው» ሲሉ ደመደሙ።

እኔ ግን እውነቱን ማወቅ ፈለግሁ። አቀስታ ዘመድ የምጠይቅበት ጉዳይ ነበረኝና፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከይርገዱ አጠገብ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ገና ሳንንቀሳቀስ ነው። ይርገዱ ሞተሩን አስነሳችና ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እኔም ዝም። ከኋላ የተሳፈሩት ሁለት ሴቶችም ዝም። ለቅሶ ቤት የተቀመጥን መሰልን።

«ማንን ነው የምንጠብቀው?» አልኳት።

«ዘይቱን።»

«የት ሄዶ ነው?»

«የትም አልሄደ ጋሼ፤ ብርዱ ይዞት ነው። የካምቢዮ ዘይት እንደ ቅቤ ነው፤ ሲበርደው ይወፍራል። ሳይላላ ካስነሷት ውስጧ ያለውን ብረት ሁሉ አያዳርስም።»

አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ፍሬኑን ረግጣ ማርሹን መሄጃው ዲ ላይ አደረገችው። መኪናዋ ሰላምታ እንደምትሰጥ ትንሽ ጎንበስ አለች። ይርገዱ ያችን ጎንበስ ማለት እስኪሰማት ጠበቀችና እግሯን ከፍሬኑ አነሳች፤ ሄድን። እኔም የጠበልና የዘምዘሙ ነገር እንዳበቃለት ገባኝ፤ በምትኩ ግን መቶ ጥያቄ መጣብኝ።

ይርገዱ አርባ ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት፣ ቀጠን ያለች፣ ስታወራ ዓይኗን ከመንገዱ የማታነሳ ሴት ናት። የተወለደችው ከአቀስታ ወረድ ብሎ ነው። እናቷ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ቅቤ ደግሞ በፊቱ አይገዛም፤ ብልጥ ሻጭ ለጋውን ከላይ ለብዶ የከረመውን ከሆዱ ይደብቃል። ስለዚህ በጥፍር ከመሃል ይቆነጠራል፣ በሁለት ጣት ይታሻል፣ ይሸተታል። ይርገዱ በዘጠኝ ዓመቷ አሮጌ ቅቤ ቅል ውስጥ እንዳለ፣ ቅሉም አህያ ላይ እንዳለ፣ አህያዋም ገበያው ሳትገባ ትለይ ነበር ይላሉ። በእሷ ምክንያት ገበያ የቀየሩ ሻጮች አሉ።

በሃያ አንድ ዓመቷ ጅዳ ሄደች። የገባችበት ቤት ጌታ ከመኖሪያው ሥር ጋራዥ ያለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ካምቢዮ ብቻ ሲጠግን የኖረ ሽማግሌ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ነው። አንድ ቀን ሻይ ይዛ ስትወርድ ዘይት የነካው ነጭ ጨርቅ ዘረጋላትና «ቀለሙ ምን ይመስላል?» አላት።

«ሻይ» አለችው።

«ሽታውስ?»

ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሰበች። «ድስት ላይ ያረረ ቅቤ።»

ሽማግሌው ካምቢዮውን ሲያስፈታው ውስጡ ነድዶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይርገዱ ጠዋት ወጥ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ሆነች። አሥራ አንድ ዓመት የሽማግሌው ዓይንና አፍንጫ ሆና ኖረች። «የቀጠረኝ ለምግብ ነበር» ትላለች፤ «ኋላ ግን እሱም ምግቡን ረሳው፣ እኔም ረሳሁት። ሚስቱ ብቻ ነች ያልረሳችው።»

ስትመለስ ደሴ መንጃ ፈቃድ አወጣችና ይህቺን መኪና ገዛች። ሁሉም ሰው «ማኑዋል ግዢ» ብሏት ነበር። «የማውቀው የዚህችን ሆድ ነው» ብላ እምቢ አለች። ከጅዳው ዘመን የተረፈ ሌላ ነገር የላትም። እናቷም እሷም የሚበሉት ከዚህች መኪና ነው። ሞተሯ ቢታመም መካነ ሰላም ላይ ሁዜይፋ አለ፤ ሁዜይፋ የማይፈታው ሞተር አልተሠራም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ሁዜይፋም አይነካ፣ አቀስታም አይነካ። ካምቢዮዋ ከሞተ መኪናዋ አራተኛዋ ሬሳ ናት።

ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ሌላ ነገር አየሁ። በእኛ አገር ሹፌር የሚባል ሁሉ ቁልቁለት ሲያይ ማርሹን ኔትራል ላይ አድርጎ ይለቀዋል። ካሳ እንዲያውም «ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው፤ የሰጠህን አትመልስ» ይላል። ይርገዱ ግን ማርሹን ከዲ ወደ ሁለት ቁጥር አወረደችው። ሞተሩ ጮኽ አለ፣ መኪናዋ እንደ ጨዋ ሙሽራ ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች።

«የእግዜርን ነዳጅ ለምን ትገፊያለሽ?»

ሳቀች። «ጋሽ ካሳ ናቸው የነገሩዎት? የሦስቱም ሬሳ ባለቤቶች ከእሳቸው ነው የተማሩት። ኔትራል አድርገው ይለቁና ታች ሲደርሱ፣ መኪናው እየበረረ፣ ዲ ውስጥ ይወረውሩታል። ሰው ከእንቅልፉ በጥፊ ሲቀሰቀስ ምን ይሆናል? ፍሬኑስ ቢሆን ብቻውን ይሄን ሁሉ ቁልቁለት እስከ መቼ ይችላል?»

ጠባብ ቦታ ላይ አንድ የጭነት መኪና ገጠመንና ወደ ኋላ መመለስ ነበረባት። መጀመሪያ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ጎማው ፈጽሞ መቆሙን አረጋገጠች፤ ከዚያ በኋላ ነው ማርሹን ወደ ኋላ የወሰደችው። የጭነት መኪናው ሹፌር ጡሩምባውን ሊገነጥለው ደረሰ። እሷ ግድ የላትም። «ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሁለት ጎረቤት ናቸው» አለችኝ፤ «አንዱ ሳይወጣ ሌላውን ካስገቡት ይጣላሉ።»

አቀስታ ደርሰን ደልዳላ ቦታ ስታቆም የእጅ ፍሬኑን አስቀድማ ያዘች፤ ማርሹን ማቆሚያው ፒ ላይ ያደረገችው ከዚያ ወዲያ ነው። የፒን ነገር ስጠይቃት ጣቷን አሳየችኝ። «መኪናዋን የሚይዛት ይሄን የምታክል የብረት ጥርስ ናት። ክብደቱን በሙሉ ለእሷ ካሸከሟት አንድ ቀን ትሰበራለች። ይሄ እጅ ፍሬን እኮ ለጌጥ አልተሠራም።»

ሞተሩን ሳታጠፋ ኮፈኑን ከፈተች። ቀጭኗን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዛ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረገች፤ በሁለት ጣቷ አሸች፤ አሸተተች። አቀስታ ገበያ የመጡ ሦስት ገበሬዎች ቆመው ያዩአታል። እኔም ልሽተት ብዬ ለመንኳት። ቀለሙ የሐብሐብ ውሃ ይመስላል፤ ሽታው ምንም አይደለም።

«ሻይ ሲመስል መለወጫው ደርሷል» አለች። «ቡና ሲመስል አልፏል። ሲከረፋ ሞቷል፤ ሶላተል ጀናዛ ይሰገድበታል።»

«በስንት ጊዜ ነው የምትለውጪው?»

«መጽሐፉ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። መጽሐፉ ግን ይሄን መንገድ አላየውም፤ እኔ በሃያ ሺህ አደርገዋለሁ። ደግሞ አንዴ ቢያፈሱት ግማሹ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ሌላው ሆዷ ውስጥ ይደበቃል። አፈሳለሁ፣ እሞላለሁ፣ አንድ ሳምንት እነዳለሁ። እንደገና አፈሳለሁ። ሦስት ጊዜ።»

ዘይቱን የምታስመጣው ከደሴ በአውቶቡስ ነው። ባለ ሱቁ «ይኸም ያው ነው» ብሎ ሌላ እንዳይልክባት ባዶውን ጣሳ ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጥታ ትሰዳለች። ጣሳው ከይርገዱ በላይ ደሴን ያውቃል።

ምስጢሩ ይኸው ነበር፤ አገሬው ተአምር ሲፈልግ የነበረው ትዕግሥት ላይ ነው። ወደ በረንዳው ተመልሼ ይህንን ብናገር ማንም እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ግን ወደ በረንዳው ከመመለሳችን በፊት መንገድ ላይ ቀረን።

ዘመዴን ጠይቄ ስንመለስ ከቀትር በኋላ ነው። ከአቀስታ ብዙም ሳንርቅ አንዲት የገጠር ገበያ አጠገብ ስንደርስ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨችና ጠፋች። ይርገዱ ዳር ላይ አቆመቻት። ቁልፉን ታዞራለች፤ ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ጆሮዋን ወደ ኋላ ወንበር አዘንብላ አዳመጠች። «ከወንበሩ ሥር ያለው የነዳጅ ፓምፕ ነው» አለች። «ድምፁ የለም። ለሁዜይፋ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሁዜይፋ ጋ ከደረስን።»

ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በአላፊ ሚኒባስ ሄዱ። እኔ ቀረሁ። ለወዳጅነት ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ቀጥሎ የሚሆነውን ሳላይ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በዚያ አገር የቆመ መኪና ብቻውን አይተውም። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ በግ የሸጠውም ያልሸጠውም አርባ ሰው ከበበን። ፊት ፊት የመጡት አያ አራጋው ናቸው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት፤ ቅንድባቸው ላይ የተቀመጠው ዱቄት ሽበታቸውን ሦስት እጥፍ አድርጎታል።

«አሰላሙ አለይኩም፤ ምን ሆና ነው ልጄ?»

«ወአለይኩም ሰላም አያ። ነዳጅ አልሳብ ብላ ነው።»

«አብሽሪ። ሰው እዚህ ሞልቶ!» ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «በሉ፣ ግፉ።»

«አያ፣ አውቶማቲክ በግፊ አይነሳም…»

ይህንን የሰማት የለም። አርባ ሰው መግፋት ጀመረ። ይርገዱ ዘልላ ገብታ ፍሬን ረገጠች። አርባ ሰው በአንድ እግር ላይ ተነሳ ማለት ነው። መኪናዋ ስንዝር ሳትነቃነቅ ሲቀር ሕዝቡ ተናደደ፤ ከገበያው ሌላ ሃያ ሰው ተጠራ። እንግዳ በደጃቸው ተቸግራ ሳያግዟት ከሄደች የአገሩ ስም ይጠፋል፤ ስለዚህ ብትፈልግም ባትፈልግም መታገዟ አይቀርም።

በዚህ መሃል ካሳ ደረሰ። አይሱዙው ባዶ ነው፤ ወደ መካነ ሰላም እየተመለሰ ነው። ወረደ፣ መኪናዋን አየ፣ ሰባት ዓመት የጠበቀውን ዜና እንደሰማ ሰው ረዘም ያለ ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ሞተች?»

«አልሞተችም ጋሽ ካሳ። ፓምፗ ነው።»

«ይሁን። መጀመሪያ ፓምፕ ይላሉ።» ከጋቢናው ሥር የክንድ ያህል የወፈረ ገመድ ጎትቶ አወጣ። «ኔትራል አድርጊና ቁጭ በይ። እጎትትሻለሁ። ሳይመሽ መካነ ሰላም ነን።»

ሕዝቡ በእፎይታ ተንቀሳቀሰ፤ ገመዱን ለማሰር አሥር ሰው ተጋፋ። ይርገዱ መጥታ ገመዱ ላይ ቆመች።

«አይጎተትም።»

«ምን ሆነና? ጎማ አለው አይደል? ጎማ ያለው ሁሉ ይጎተታል። እግር ያለውም ይጎተታል፤ የኔ ሚስት ወንድም ምስክር ነው።»

«አውቶማቲክ የፊት ጎማው መሬት ላይ ሆኖ አይጎተትም። በዚህ መንገድ ከጎተቱኝ ካምቢዮዋ ሳንደርስ ነው የሚያልቀው።»

«እኔ ከአንቺ በፊት ስንት መኪና ጎትቻለሁ።»

«ስንቱ አውቶማቲክ ነበር?»

ካሳ ሰማይ አየ። ሁለት እንደነበሩ ኋላ ጠይቄው ነግሮኛል፤ አንደኛዋ ዛሬ ዶሮ ያድርባታል።

አያ አራጋው ከፋቸው። «ልጄ፣ ስንገፋ አትግፉ፣ ስንጎትት አትጎትቱ። እጃችን ይቆሽሻል ወይ? የእኛ እርዳታ ምን ነውር አለው?»

ይርገዱ ፊቷ ላይ የነበረው ጥንካሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላላ አየሁ። ከእሳቸው ጋር ከተጣላች ነገ በዚህ ገበያ አታልፍም፤ እሺ ካለቻቸው መኪናዋ የለችም።

«አያ አራጋው» አለች ቀስ ብላ፤ «አንቱ ወፍጮ ቤት አለዎት። እህል ሳይገባ ድንጋዩ ቢዞር ምን ይሆናል?»

«እህል ሳይገባማ ማን ያዞረዋል? ድንጋይ ድንጋዩን ይበላዋል እንጂ።» ሳያስቡት መለሱ።

«ይህችም እንደዚያው ናት። የካምቢዮዋን ዘይት የሚረጨው ሞተሩ ነው። አሁን ሞተሩ ጠፍቷል፤ ዘይቱ ተኝቷል። ጎማዋ ከዞረ ውስጧ ያለው ብረት ይዞራል፤ እህል የሌለበት ወፍጮ ሆነ ማለት ነው። ካምቢዮዋ ካለቀ የሚሠራት እዚህ የለም። እኔም ከእሷ ሌላ አሥራ አንድ ዓመቴን ያስቀመጥኩበት ቦታ የለኝም። እርዳታችሁን ንቄ አይደለም፤ ወላሂ አይደለም።»

አያ አራጋው ወደ መኪናዋ ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉና የፊት ጎማዋን ከሥር አዩ። ምን እንዳዩ አላህ ይወቅ፤ ሲነሱ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። ዞር ብለው ካሳን፦ «አንተ ሰውዬ፣ ገመድህን ሰብስብ። እህል ሳያገኝ የዞረ ወፍጮ ስንት ወር እንዳስቸገረኝ እኔ ነኝ የማውቀው» አሉ።

«ታዲያ እዚህ ትደር? ወይስ እንሸከማት?»

«እንጭናታለን» አለች ይርገዱ። አይሱዙውን እያየች ነው።

ካሳ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ቀላ። «የኔ መኪና ላይ? መኪና ጭኜ ከተማ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«በሬ ጭነው ይገቡ የለ?»

«በሬ ሌላ ነው። በሬ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም።»

ነገሩን የቆረጡት አያ አራጋው ናቸው። ከገበያው ጫፍ ነጋዴዎች በሬ ወደ ጭነት መኪና የሚያወጡበት የአፈር ጉብታ አለ፤ ከፍታው ልክ የአይሱዙ ወለል ነው። ከቆምንበት ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እስከዚያ በሰው እርምጃ ቀስ ተብሎ ከተገፋች ምንም እንደማትሆን ይርገዱ አረጋገጠች። ግፉ ሲባል ሕዝቡ በደስታ ሊያብድ ደረሰ፤ እርዳታው ተፈቀደለታ። ስድሳ ሰው በሚያህል ጉልበት አንዲት ትንሽ መኪና ጉብታ ላይ እንደ ታቦት ወጣች።

ካሳ የአይሱዙውን የኋላ መዝጊያ ከፍቶ ጉብታው ላይ አስደገፈ። ሁለት ሳንቃ ተነጠፈ። ይርገዱ መሪ ያዘች፤ ሌላው ከኋላ ገፋ። ሰዎቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ የጫኑት በሬ ስለሆነ እጃቸው ሌላ ሥራ አያውቅም። አንዱ የጎን መስተዋቷን እንደ ቀንድ ይዞ ይጎትታል። አንዱ ከፊት ሆኖ ጨው እንደሚያስልስ እጁን ዘርግቶ ይለማመጣታል። ሌላው ከኋላዋ ዞሮ ጭራ ፈልጎ አጣ።

የፊት ጎማዋ ሳንቃው ላይ ወጥቶ የኋላው ሊከተል ሲል የጉብታው ጠርዝ ተናደ። አንደኛው ሳንቃ ተንሸራተተ፤ መኪናዋ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ይርገዱ ውስጥ ነች፤ እጇ መሪው ላይ ደርቋል። ካሳ ነው መጀመሪያ የደረሰው፤ ትከሻውን ከሥሯ አስገባ። አሥር ሰው ተከተለው። ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ የደም ሥሩ ተወጥሮ፣ «ወደ ግራ፣ ቀስ፣ ቀስ በይ እህቴ» ሲላት ሰማሁት። ሳንቃው ተመለሰ፤ የኋላ ጎማዋ ወጣ። መኪናዋ አይሱዙው ላይ ገባች። ይርገዱ የእጅ ፍሬኑን ይዛ፣ ፒ ላይ አድርጋ ወረደችና ጎማዎቿን በድንጋይ ደገፈች።

ጋቢና ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። ካሳ እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም። ብዙም ሳንሄድ ጥያቄ ጀመረ፣ ጀምሮም አላቆመም። ዘይቱን ማን ይረጨዋል? ካልተረጨ በስንት ኪሎ ሜትር ይነድዳል? ያቺ ሰማያዊዋ እኔ የጎተትኳት ጊዜ ነው የሞተችው ወይስ ቀድሞ? ይርገዱ ለመጨረሻው ጥያቄ «እሷ ቀድማም ታማ ነበር» አለችው። እውነት ይሁን ደግነት አላውቅም። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ እጁ በልማድ ወደ ኔትራል ሄደ። ይርገዱ አላየችውም ነበር፤ መንገዱን ነው የምታየው። እሱ ግን እጁን መለሰና ማርሹን አወረደ።

መካነ ሰላም የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። በረንዳው በሙሉ ተነሳ። ጋሽ ቢያድግልኝ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አደረጉት፤ መኪናዋ ግን አይሱዙው ላይ እንደቆመች ነበረች። «አለቀላት?» አለ አንዱ። ካሳ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ፓምፕ ነው» አለ፤ አለፈ። በከብት ተራው በኩል እንዲሁ በጉብታ አወረድናት።

ፓምፑ ከደሴ በአውቶቡስ መጣ። ሁዜይፋ አርብ ጠዋት ገጠመው። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ፤ ለሁዜይፋ ይኼ ወሬ አይደለም። ሁሉም የቆመው ለሌላው ነው። ጉብታው ሲናድ ካምቢዮዋ ተመትቶ ቢሆንስ? ይርገዱ ገባች፤ ሞተሩ እየሠራ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ይህን ጊዜ ማንን እንደምትጠብቅ የጠየቃት የለም። ፍሬን ረገጠች፤ ዲ ላይ አደረገች። መኪናዋ ጎንበስ አለች። እግሯን ስታነሳ እንደ ወተት ተንሸራትታ ሄደች፤ አልተንገጫገጨችም፣ አልዘገየችም። ይርገዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከመንገዱ አንስታ ፈገግ አለች።

መንገደኛ እየጠበቃት ስለነበር ብዙ አልቆመችም። ሦስቱ ከኋላ ገቡ። የፊት ወንበሩን ለመያዝ ስሄድ ግን ካሳ ቀድሞኝ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ቀበቶውን እየፈለገ ነው።

«ጋሽ ካሳ፣ አይሱዙውስ?» አለችው።

«ዛሬ ይረፍ። ያንን ቁልቁለት እንዴት እንደምትወርጂው ማየት አለብኝ።»

እኔ ከኋላ ተጠጋጋሁ። ከተማውን ወጥተን የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ይርገዱ ማርሹን ሁለት ቁጥር ላይ አወረደችው። ካሳ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ በግራ እግሩ አውቶማቲክ ላይ የሌለውን ፍሪሲዮን በወለሉ ላይ ደጋግሞ ይረግጣል።

«ጋሽ ካሳ» አለች ይርገዱ መንገዱን እያየች፣ «እግርዎን ያሳርፉት። እሷ ራሷ እየያዘችን ነው።»